የገባ ዕቃ ሁሉ ገጠመ አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ከአንድ ዘር የተገኙ ሞዴሎች ዕቃቸውን እንደ ልብ እንደሚለዋወጡ፣ የጎደለውንም ከዘመዱ ነቅሎ መተካት እንደሚበቃ ተገልጿል። ለብሎን፣ ለማንገቻ ቀለበትና ለሰደፍ ብረት ይህ ልክ ነው። ለመቀርቀሪያው፣ ብዙዎቻችን ማቀባበያ ለምንለው ክፍል፣ ግን ልክ አይደለም። ዓይንና ጣት የሚያሳጣውም እሱ ስለሆነ እርማቱ ቢወጣ ጥሩ ነው።

ጉዳዩ ከአንባቢዎቻችሁ ሩቅ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ መጋዘኖች ተከማችተው የኖሩ ካርካኖዎች፣ ማውዘሮች፣ ቬተርሊዎችና ማርቲኒዎች በአስመጪ በኩል አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች እየተሸጡ ነው። የአያቶቹን መሣሪያ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል የሚገዛ ሐበሻም አይጠፋም። ከእነዚህ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ጎዶሎ ናቸው፤ አንዱ መቀርቀሪያ የለውም፣ የሌላው ሰደፍ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፣ የሌላው ቀለህ ሳቢ ተሰብሯል። ስለዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ይጀመራል። መለዋወጫ የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል፤ እንደ ፍሬን ሸራ ከካርቶን አውጥቶ መግጠም ብቻ የቀረ ያስመስለዋል።

ፋብሪካዎቹ ዕቃውን በአንድ ልክ ቢሠሩም መቀርቀሪያውን ከጠመንጃው ጋር አገናኝተው፣ ለክተው፣ አስተካክለው ነበር ቁጥሩን የሚመቱበት። በማውዘር መቀርቀሪያ ላይ የምታዩት ቁጥር ከዋናው ብረት ቁጥር ጋር አንድ የሚሆነው ሁለቱ አብረው ስለተለኩ ነው። ዋናው ብረት የምለው መቀርቀሪያው የሚመላለስበትን፣ አፈሙዙም ከፊቱ በጥርስ የሚታሰርበትን አካል ነው። ቁጥሮቹ ከተለያዩ አንድ ሰው በመካከል ገብቷል ማለት ነው። ያ ሰው የጦር ግምጃ ቤት ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ገበያ ላይ የጠገነ አንጥረኛም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን መለኪያ ብቻ ነው።

የሚለካው ሄድስፔስ የሚባለው ክፍተት ነው። መጉረሻው ውስጥ (ጥይቱ በሚገባበት የአፈሙዙ የኋላ ክፍል) ጥይቱን ከሚያቆመው ቦታ እስከ ተዘጋው መቀርቀሪያ ፊት ድረስ ያለው ርቀት ማለት ነው። እንደ ማውዘሩ 7.92 በ57 ወይም እንደ ካርካኖው 6.5 በ52 ያሉት ጥይቶች በትከሻቸው ይቆማሉ፤ የእንግሊዙ 303 ደግሞ በከንፈሩ። ክፍተቱ ከጠበበ መቀርቀሪያው አይዘጋም፤ ይህ ደግ ብልሽት ነው፣ ራሱ ይናገራል። ከሰፋ ግን መቀርቀሪያው ቅቤ እንደነካው ተንሸራትቶ ይዘጋል፣ ባለቤቱም ገጠመ ብሎ ይደሰታል። ሲተኮስ የቀለሁ የፊት ክፍል በግፊቱ ከመጉረሻው ግድግዳ ጋር ይጣበቅና መቀመጫው ብቻ ወደ ኋላ ይሸሻል። ነሐሱ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይበጠሳል፤ የጋለው ጋዝም በመቀርቀሪያው ዙሪያ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ይህን ለማወቅ በየጥይቱ ዓይነት የተሠሩ ጌጆች፣ ማለትም በጥይቱ ቦታ የሚገቡ የልክ ብረቶች፣ ይሸጣሉ፦ ጎ (ትንሹ ልክ)፣ ኖ-ጎ (መካከለኛው) እና ፊልድ (ትልቁ)። በትከሻ በሚቆሙት ጥይቶች በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በዓይን ወይም በባዶ ቀለህ ሞክሮ መገመት የማይሆነውም ለዚህ ነው። ከመለካታችሁ በፊት መጉረሻውን በደንብ ጥረጉ፤ የደረቀ ቅባት ብቻውን ልኩን ይለውጠዋል። ከመቀርቀሪያው መርፌውን ከነሞላው አውጡ፣ ቀለህ ሳቢውንም አንሱ። ጌጁን አስገብታችሁ እጀታውን በአንድ ጣት ብቻ ወደ ታች ግፉት። ጉልበት ከተጨመረበት የተለካው ጉልበታችሁ እንጂ ጠመንጃው አይደለም። ጎ ላይ መዝጋት አለበት። ኖ-ጎ ላይ ከዘጋ ለአዲስ ሥራ አይመከርም፤ በአሮጌ የጦር መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ፊልድ ላይ ከዘጋ አይተኮስበትም።

ጌጁን አልፎ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። በማውዘርም በካርካኖም ከመቀርቀሪያው ፊት ሁለት የመቆለፊያ ጆሮዎች አሉ፤ ግፊቱን እኩል መካፈል አለባቸው። የጆሮዎቹን የኋላ ፊት በማርከር አጥቁሩና መቀርቀሪያውን 20 ጊዜ ያህል ወደ ኋላ እየጎተታችሁ ዝጉት፣ ክፈቱት። ቀለሙ ከሁለቱም ከለቀቀ መልካም ነው። ከአንዱ ብቻ ከለቀቀ ሁሉንም ሸክም የሚሸከመው እሱ ነው። እዚህ ላይ ሞረድ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም፤ አታንሱ። የድሮው የማውዘር ብረት ውስጡ ለስላሳ ነው፤ የሚጠነክረው ከላይ በእሳትና በካርቦን የተሰጠው ስስ ቆዳ ብቻ ነው። ቆዳው ከተሞረደ ለስላሳው ብረት በየተኩሱ እየተጨፈለቀ ይሄዳል፣ ሄድስፔሱም አብሮት ይሰፋል።

አሁን ወደየቤተሰቡ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማውዘር ነው፣ ምክንያቱም ዘሩ ሰፊ ነው። የጀርመኑ የ1898 ሞዴል፣ ከእሱ ያጠረው ካር 98 ኬ፣ የቼኮዝሎቫኪያው ቪዜድ 24፣ እኛ ቤልጅግ የምንላቸው የቤልጂየሙ ኤፍኤን ፋብሪካ ሥራዎች ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። በሙሉ ቁመት በተሠሩት መካከል የመርፌው ሞላ፣ ቀለህ ሳቢው፣ ቀለህ ወርዋሪው፣ የካዝናው መግፊያና ሞላው፣ የካዝናው ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይለዋወጣሉ። ችግሩ ሁሉም በአንድ ቁመት አለመሠራታቸው ነው። የዩጎዝላቪያዎቹ ኤም 24፣ ኤም 24/47 እና ኤም 48 መካከለኛ የሚባለው አጭር ዋና ብረት አላቸው፤ ከሙሉው በ6 ሚሊሜትር ገደማ ያንሳል። ከውጭ ሲታዩ ካር 98 ኬን ቁርጥ ስለሆኑ ሻጩም ገዢውም አይለይም። የአንዱ መቀርቀሪያ ለሌላው አይሆንም፤ ጆሮዎቹና እጀታው በአንድ ጊዜ ቦታቸውን አያገኙም። መርፌው፣ ሰደፉ፣ የቃታው ጠባቂ ብረትም እንዲሁ።

ለመለየት ካሊፐር ይበቃል። ከስር ዋናውን ብረት ከሰደፉ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች ከመሃል እስከ መሃል ለኩ፤ በሙሉው 98 ርቀቱ 199 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በመካከለኛው ከ194 አያልፍም። ፋብሪካውን አይታችሁ አትወስኑ። የዩጎዝላቪያን የ1924 ሞዴል ከሠሩት አንዱ ራሱ ኤፍኤን ነበርና በኤፍኤን ማህተም ብቻ የሄደ ሰው ይሳሳታል።

አፈሙዝ መቀየር የቶርኖ ቤት ሥራ ስለሆነ በዝርዝር አልገባበትም። ለገዢ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የ98 አፈሙዝ የሚታሰርበት ጥርስ ውፍረቱ 28 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከ98 በፊት የነበሩት የ1893፣ የ1895ና የስዊድኑ የ1896 ሞዴሎች 25 ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዋናው ብረት የፊት ቀለበት ወፍራም ከሆነ ጥርሱም ወፍራም ነው። ቱርኮች በ1938 ሞዴላቸው ከወፍራሙ ቀለበት ውስጥ ቀጭኑን ጥርስ አስቀመጡ፤ የጀርመኑ ካር 98 ኤ ደግሞ በተቃራኒው በቀጭን ቀለበት ወፍራም ጥርስ አለው። አፈሙዝ ከመግዛት በፊት የነበረውን ፈትቶ መለካት ግድ የሚለውም እነዚህ ስላሉ ነው።

ሌላው በማውዘር ዘንድ የሚረሳው መጠበቂያው ነው። የመርፌው ጅራት ከአንዱ፣ የመጠበቂያው ክንፍ ከሌላው መጥቶ ቢገጥምም አብረው ላይሠሩ ይችላሉ። መጠበቂያው ሲዞር ጅራቱን በጥቂቱ ወደ ኋላ ስቦ ከቃታው መያዣ ማላቀቅ አለበት። ካልሳበው እንዲህ ይሆናል፦ ተጠብቆ ሳለ ቃታው ይሳባል፣ መያዣው ይወርዳል፣ ጅራቱ ከፊቱ ሾልኮ በመጠበቂያው ክንፍ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ክንፉ ወደ መተኮሻ በዞረ ቅጽበት ጠመንጃው ማንም ቃታ ሳይስብ ይተኩሳል። ፈተናው ቀላል ነው። ባዶውን አቀባብሉ፣ ጠብቁ፣ ቃታውን ጠንክራችሁ ሳቡና ልቀቁ፣ ከዚያ መጠበቂያውን ክፈቱ። መርፌው ጠቅ ካለ ሁለቱ ዕቃዎች አይስማሙም። እግረ መንገዳችሁን መቀርቀሪያውን በኃይል ዝጉት፣ ሰደፉንም በመዳፋችሁ መቱት፤ በዚህም መርፌው መውደቅ የለበትም። የመርፌው ጫፍ ከመቀርቀሪያው ፊት የሚወጣው ከ1.4 እስከ 1.6 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካነሰ ይከሽፋል፣ ከበዛ የቀለሁን ቂጥ ይበሳል።

ቀጥ ያለ እጀታ በነበረው ጠመንጃ ላይ የታጠፈ እጀታ ያለው መቀርቀሪያ ሲገባ ደግሞ እንጨቱን እዩ። ለታጠፈው እጀታ ማረፊያ ያልተቆረጠለት ሰደፍ እጀታውን ከላይ ያስቀረዋል፤ ያን ጊዜ ጆሮዎቹ በከፊል ብቻ ተቆልፈው ሊሆን ይችላል። እንጨቱ ይቆረጥ ወይም መቀርቀሪያው ይመለስ።

ካርካኖ ሌላ ጠባይ አለው። በቶሪኖ ግምጃ ቤት ተሠርቶ በ1891 ሥራ የጀመረው ይህ ጠመንጃ 780 ሚሊሜትር አፈሙዝ ካለው ረጅሙ ሞዴል 91 ተነስቶ፣ 450 ያህል ወዳላቸው ካራቢነሮች፣ በ1938 ወደ አጭሩ ሞዴል 38፣ በኋላም 690 ወዳለው 91/41 ተዛምቷል። ርዝመቱ ይለያይ እንጂ መቀርቀሪያው በሁሉም ውስጥ ይገባል። ፈተናው ይኸው ነው። ማውዘር ሲሳሳቱበት ቢያንስ አልገባም ይላል፤ ካርካኖ ሁሉንም ይቀበላል፣ ሄድስፔሱን ግን አይናገርም። መቀርቀሪያው ሲወጣ ቃታው ተስቦ መያዝ አለበት፤ ከኋላ የሚያቆመው የተለየ ብረት የለውምና ማቆሚያው ራሱ የቃታው ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ያረጀ ወይም የተሞረደ የቃታ ዕቃ ከሌላ ካርካኖ ሲዛወር ሁለት ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ ሲያቀባብሉት መርፌውን አይዝም፣ ወይም መቀርቀሪያው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በእጃችሁ ይቀራል።

ሞዴል 38 መጀመሪያ የወጣው ለአዲሱ የ7.35 ጥይት ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ጣሊያን ሁለት ጥይት መቀለብ ስላልቻለች ወደ 6.5 ተመለሰች። ስለዚህ ከውጭ አንድ የሆኑ ሁለት ሞዴል 38 ጠመንጃዎች ሁለት የተለያየ ጥይት ሊጎርሱ ይችላሉ። መቀርቀሪያው፣ ካዝናው፣ ስድስት ጥይት የሚይዘው ክሊፕ፣ ሁሉም አንድ ነው። የ7.35ቱ በኋለኛው ማነጣጠሪያ ሥር መጠኑ ተመቶበታል፤ አሮጌ ቀለም ወይም ዝገት ከሸፈነው ጠርጋችሁ አንብቡ። የቀደሙት ሞዴሎች ማነጣጠሪያ ተንቀሳቃሽ፣ የ38ቱ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ከአፈሙዙ በላይ የሚያርፈው እንጨትም ከአንዱ ወደ ሌላው አይዛወርም።

በካርካኖ ሰዎች መለዋወጫ ፍለጋ የሚሮጡበት አንዱ ምክንያት ጥይት አንድ በአንድ መግፋቱን አለመቻሉ ነው። ከመሮጥ በፊት ክሊፑን እዩ። ካርካኖ ያለ ክሊፕ ከካዝና አይመግብም፤ የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ባዶው ክሊፕ ከስር ባለው ቀዳዳ ይወድቃል፣ ያ ቀዳዳም ብልሽት አይደለም። ሌላው ቅሬታ በኢላማ መሳት ነው፤ ለዚህም አፈሙዙ ይወቀሳል። የ6.5 ካርካኖ ጥይት ራስ ውፍረቱ 6.80 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የሌሎች 6.5 ጥይቶች ራስ 6.71 ነው። ቀጭኑ ራስ በአፈሙዙ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ጥርስ በደንብ አይነክስም። ከአፈሙዙ በፊት ጥይቱ ይቀየር።

ከካርካኖ ጋር የሚምታታው የ1870/87/15 ቬተርሊ ነው። ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጥቁር ባሩዱን ቬተርሊ አፈሙዝ በቱቦ አጥብበው፣ የካርካኖ ዓይነት ካዝና ሰጥተው 6.5 እንዲጎርስ አደረጉት። የካርካኖን ጥይት ይበላል እንጂ የካርካኖ ዘመድ አይደለም። መቆለፊያ ጆሮዎቹ ከኋላ ናቸው፣ ሲሠራም የታሰበው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው። የጎደለውን ፈልጋችሁ አሟሉለት፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ እንድትተኩሱበት ግን አልመክርም። በሁለተኛው ጦርነት ማብቂያ ጀርመኖች ለ7.92 ስለቀየሯቸው ካርካኖዎችም የምለው ያው ነው።

የእንግሊዙን እንፊልድ በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም እንግሊዞች ችግሩን አስቀድመው አስበውበታል። ቁጥር 4 በሚባለው ሞዴል የመቀርቀሪያው ጭንቅላት ለብቻው በጥርስ የሚታሰር ሲሆን ከ0 እስከ 3 ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ጭንቅላቱ ከአንድ አስረኛ ሚሊሜትር ባነሰ ይረዝማል። ሄድስፔሱ ከሰፋ የሚቀጥለውን ቁጥር መሞከር ነው። ለ303 ጎ ጌጁ 1.63፣ የላይኛው ገደብ 1.88 ሚሊሜትር ነው። ቁጥር 4 እና ቁጥር 5 መቀርቀሪያ ይዋሳሉ፤ ከአሮጌው ቁጥር 1 ማርክ 3 ጋር ግን አይዋዋሱም። ጭንቅላቱ ጠብቆ ሲታሰር ከመስመሩ እጅግ አልፎ የሚዞር ከሆነ ጥርሱ አልቋል፤ ቁጥር መጨመር አያድነውም።

ሰደፍ ስትቀይሩ እንጨቱ ከዋናው ብረት የኋላ ጭራ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀመጥ አድርጉ። ሸክሙን መቀበል ያለበት ከዋናው ብረት ስር ያለው የፊተኛው የግፊት ጆሮ ነው፤ እሱ ክፍተት ካለው ጭራው እንደ መፍለጫ ሆኖ እንጨቱን ከእጅ መያዣው ላይ ይሰነጥቀዋል። ከኢትዮጵያ በመጡት ላይ የሚታየው በሽቦና በቆዳ የታሰረ ስንጥቅ ከዚህም የሚመጣ ነው። ብሎኑን ለመፍታት ጫፉ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ተጠቀሙ፤ ካልሆነ የብሎኑ ራስ ይበላና ሌላ መለዋወጫ ፍለጋ ይጨመራል።

የነቀላችሁትን ዕቃ ከእነ ቁጥሩ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ፣ ከየትኛው ጠመንጃ እንደወጣ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቁጥሩ የተመሳሰለ ጠመንጃ ለሰብሳቢ የሚያወጣው ዋጋ ከተቀያየረው በእጅጉ ይበልጣል። በቁጥሩ ላይ ሌላ ቁጥር መምታት ደግሞ ማጭበርበር ነው። ጽሑፉን በኢትዮጵያ ሆነው ለሚያነቡ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ጠመንጃ ያለ ፈቃድ መያዝ እንደማይቻል ይታወስ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ዕቃ ልቀይር ብሎ ባይጀምር ይሻላል።

ሁሉም ተለክቶ ካለፈ በኋላም የመጀመሪያው ተኩስ ከትከሻ አይሁን። በተኩስ ሜዳ፣ ጠመንጃውን በአሮጌ ጎማ ላይ አጥብቃችሁ አስራችሁ፣ ከመከታ ጀርባ ሆናችሁ ቃታውን በረጅም ገመድ ሳቡ። ከዚያ ቀለሁን በብርሃን እዩት። ከመቀመጫው አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት ከዞረው፣ ጫፉን ያጠፋችሁትን ቀጭን ሽቦ በቀለሁ አፍ አስገብታችሁ የውስጡን ግድግዳ ዳስሱ። ሽቦው ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ጉድጓድ ካገኘ፣ ወይም የቀለሁ ካፕሱል ከቂጡ ከፍ ብሎ ከወጣ፣ መቀርቀሪያው ወደመጣበት ሳጥን ይመለስ።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንባቢያችሁ